ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ፥ የተቀበረውን ጥበብ ያስነሣ አንጥረኛ

ሰው እንደሚሞት ሁሉ ዕውቀትም ይሞታል። አባት የሚያውቀውን ለልጁ ሳያስተምር፥ መምህርም የደረሰበትን ሳይጽፍ የሞተ እንደ ሆነ ዕውቀቱ አብሮት መቃብር ይወርዳል። ነገር ግን በሰውና በዕውቀት መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የሞተ ሰው በሰው ኃይል አይነሣም፤ የሞተ ዕውቀት ግን የሚጠይቀውና የሚደክምለት ሰው ካገኘ ከሺህ ዓመት በኋላ እንኳ ሊነሣ ይችላል።

በአውሮፓ ታሪክ ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ያለው ዘመን ሬኔሳንስ ይባላል። ትርጓሜውም ዳግመኛ መወለድ ማለት ነው፤ እኛም በቋንቋችን ሕዳሴ እንለዋለን። በዚያ ዘመን የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን መጻሕፍት ከተረሱበት ወጥተው ተነበቡ፤ ሥዕል፥ ቅርጽና ሕንፃ እንደ ገና አበቡ። ዘመኑ ከሁሉ ይልቅ የደመቀው በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ነው። ስለዚህ ዘመን ሲወራ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሣው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺንና የሚኬላንጄሎን ስም ነው። እኔ ግን በዚህ መጽሔት ለማንሣት የመረጥሁት ከሁለቱም አስቀድሞ የነበረውን፥ መንገዱንም የጠረገላቸውን ሰው፥ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪን ነው። አንባብያን እንዳይሳሳቱ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ልደቱና ትምህርቱ

ፊሊፖ በ1377 ዓ.ም. በፍሎረንስ ተወለደ። አባቱ ብሩኔሌስኮ ውል የሚጽፍና የሚያጸድቅ፥ በከተማው መንግሥትም ዘንድ የታመነ የሕግ ጸሐፊ ነበረ። አባት እንደ መሆኑ ልጁ ብዕሩን እንዲወርስለት ፈልጎ ንባብና ጽሕፈት፥ ሒሳብና ጥቂት ላቲንም አስተማረው። የልጁ እጅ ግን ከብዕር ይልቅ ወደ መዶሻና ወደ መሮ አዘነበለ። አባቱም አስተዋይ ሰው ነበረና አላስገደደውም፤ ወደ ወርቅ አንጥረኛ ቤት ሰደደው። በ1398 ዓ.ም. ፊሊፖ አንጥረኞች በሚቈጠሩበት በሐር ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ስሙን አስመዘገበ።

ይህን ነገር ልብ ልንለው ይገባል። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ጥበብ የሚሸምነውን መናቅና መስደብ የቈየ ክፉ ልማድ ነበረ፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። በፍሎረንስም ቢሆን የብዕር ሰው ከእጅ ሠራተኛ ይልቅ ይከበር ነበር። ሆኖም ያ ጸሐፊ ልጁን ወደ አንጥረኛ ቤት በመስደዱ ስሙ አልጠፋም፤ እንዲያውም ዛሬ የአባትዮው ስም የሚታወቀው በልጁ ምክንያት ነው።

ፊሊፖ በአንጥረኛው ቤት ወርቅና ነሐስ ማቅለጥን፥ መመዘንን፥ መቅረጽን ተማረ። ሰዓትም ይሠራ እንደ ነበረ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ማኔቲ ይናገራል። በሰዓት ውስጥ ጥርስ ያላቸው መንኰራኵሮች አንዱ ሌላውን እየነከሰ እንዴት እንደሚያዞረው ያየበት ያ የወጣትነት ሥራ፥ ኋላ በታላቁ ሥራው ጊዜ ትልቅ እርዳታ ሆኖታል።

የተሸነፈበት ውድድር

በፍሎረንስ መካከል በቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ስም የተሠራ አንድ የጥምቀት ቤት አለ። በ1401 ዓ.ም. የከተማው የልብስ ነጋዴዎች ማኅበር ለዚህ ቤት ከነሐስ የተሠራ መዝጊያ ሊያሠራ አሰበና ውድድር አወጀ። ሰባት ጥበበኞች ለመጨረሻው ፈተና ቀረቡ። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ እጁን ሲያነሣ የሚያሳይ ቅርጽ እያንዳንዳቸው በነሐስ ሠርተው እንዲያመጡ ታዘዙ።

ከሰባቱ መካከል የዳኞችን ልብ የሳቡት ሁለት ብቻ ሆኑ። አንደኛው ፊሊፖ ነው፤ ሁለተኛውም ዕድሜው ወደ 23 ዓመት ግድም የነበረው ሎሬንዞ ጊቤርቲ ነው። የፊሊፖ ሥራ ኀይል የሞላበት ነበረ፤ መልአኩ የአብርሃምን እጅ ለቀም አድርጎ ሲይዝ ይታያል። የጊቤርቲ ሥራ ግን የረጋና የተዋበ፥ ደግሞም በአንድነት የቀለጠና ጥቂት ነሐስ የፈጀ ነበረ። በመጨረሻ ሥራው ለጊቤርቲ ተሰጠ። ጊቤርቲ ራሱ ሁሉም በአንድ ቃል እንደ መረጡት ጽፏል፤ ማኔቲ ግን ዳኞቹ ሁለቱ በአንድነት እንዲሠሩ ጠይቀው ፊሊፖ እምቢ አለ ይላል። የሆነው ሆኖ ፊሊፖ ድሉን አጣ። ሁለቱም ቅርጾች በፍሎረንስ በባርጄሎ ሙዝየም ጐን ለጐን ተቀምጠው ስለሚገኙ የሚያይ ሰው ራሱ ዳኛ ሊሆን ይችላል።

በወጣትነት መሸነፍ ይመርራል። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ዳኛውን ሲያማ፥ ዕድሉን ሲረግም ዕድሜውን ይጨርሳል። ፊሊፖ ግን ሌላ መንገድ መረጠ።

በሮማ ፍርስራሽ መካከል

ማኔቲ እንደሚተርከው ፊሊፖ ከፍሎረንስ ተነሥቶ፥ በዕድሜ ከሚያንሰው ከወዳጁ ከቀራጺው ከዶናቴሎ ጋር ወደ ሮማ ሄደ። የዚያን ጊዜ ሮማ የዓለም ገዥ የነበረችው ሮማ አልነበረችም። ታላላቆቹ ሕንፃዎች ፈርሰው፥ አፈር ተጭኗቸው፥ ሣር በቅሎባቸው ነበር። የከተማው ሰው ድንጋዩን እየፈነቀለ ለቤት መሥሪያ ይወስደዋል፤ እብነ በረዱንም እያቃጠለ ኖራ ያደርገዋል። በዚያ ፍርስራሽ አጠገብ በየቀኑ እያለፈ ይህን እንዴት ሠሩት ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አልነበረም።

ሁለቱ ወዳጆች ግን ጠየቁ። ለዕለት ጉርሳቸው የአንጥረኛ ሥራ እየሠሩ፥ በቀረው ጊዜያቸው መሠረት ይቈፍራሉ፤ የዓምዱን ቁመትና ውፍረት፥ የቅስቱን ስፋት በገመድና በዘንግ ይለካሉ፤ የለኩትንም ይጽፋሉ። የሮማ ሰዎች እነዚህን ጭቃ የለበሱ ወጣቶች ባዩ ጊዜ የተቀበረ ወርቅ ፈላጊዎች መሰሏቸው፤ በዚህም ስም ይጠሯቸው ጀመር። በእውነቱም ሀብት ፈላጊዎች ነበሩ፤ የሚፈልጉት ግን ወርቁን ሳይሆን ጥበቡን ነበር።

በሮማ ከቀሩት የጥንት ሕንፃዎች ሁሉ የሚደነቀው ጳንቴዎን ነው። ይህ ቤት በንጉሠ ነገሥቱ በሐድርያኖስ ዘመን በ125 ዓ.ም. ግድም የተፈጸመ ሲሆን፥ እንደ ተደፋ ቅል ክብ የሆነው ጣራው ከዳር እስከ ዳር 43 ሜትር ይሆናል። ይህን የመሰለውን ጣራ በዚህ ጽሑፍ ጉልላት እንለዋለን። ከዚያ ወዲህ ከሺህ ዓመት በላይ ሲያልፍ በኢጣልያ አገር ያን የሚያህል ጉልላት የሠራ ሰው አልተገኘም። ጥበቡ ከሠሪዎቹ ጋር ተቀብሮ ነበርና።

ጣራ ያጣው ቤተ ክርስቲያን

አሁን ወደ ፍሎረንስ እንመለስ። የፍሎረንስ ሰዎች በ1296 ዓ.ም. በአርኖልፎ ዲ ካምቢዮ መሪነት በእመቤታችን ስም አንድ ታላቅ ካቴድራል መሥራት ጀምረው ነበር። ስሙም ሳንታ ማርያ ዴል ፊዮሬ ይባላል። በ1348 ዓ.ም. ታላቁ ቸነፈር ገብቶ ከሕዝቡ ብዙውን ፈጀው፤ ሥራው ግን ጨርሶ አልተተወም። በ1367 ዓ.ም. ከተማው በአንድ ንድፍ ተስማማ። በንድፉ መሠረት ከመሠዊያው በላይ ስምንት ማዕዘን ያለው፥ ስፋቱም ከጳንቴዎን የማያንስ ጉልላት ሊቆም ነው፤ ከውጭም የሚደግፈው ግንብ አይኖርም።

እነዚህ ሰዎች የሚያስደንቅ ነገር አደረጉ። እንዴት እንደሚሠራ ከመካከላቸው ማንም ሳያውቅ፥ አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው ይነሣል ብለው ግንቡን ወደ ላይ ሰደዱት። ግንቡ ካለቀ በኋላም ቤተ ክርስቲያኑ ሰማይ እያየ ቈመ። ከወለሉ 50 ሜትር ከፍ ባለው ግድግዳ ላይ ከ40 ሜትር በላይ የሚሰፋ ክፍት ቦታ አፉን ከፍቶ ይታይ ነበር።

ችግሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ቅስትም ሆነ ጉልላት የሚሠራው በመጀመሪያ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ቆሞ፥ ድንጋዩ በርብራቡ ላይ ተደርድሮ፥ ኖራው ሲደርቅ ርብራቡን በማንሣት ነበር። ለዚህ ጉልላት ግን የሚበቃ ርብራብ ለመሥራት እጅግ ብዙ ረጃጅም ግንድ ያስፈልጋል፤ ቢገኝም በራሱ ክብደት ይጐብጣል ተብሎ ተፈራ።

በነሐሴ 1418 ዓ.ም. የሥራው አለቆች ይህን እንቈቅልሽ ለሚፈታ ሰው 200 ፍሎሪን ወርቅ እንሰጣለን ብለው አወጁ። ብዙ ጥበበኞች ሐሳባቸውን ይዘው መጡ። ፊሊፖ ግን ከሁሉም የተለየ ነገር አቀረበ፤ ያለ ርብራብ እሠራዋለሁ አለ። ሰሚዎቹ እንደ እብድ ቈጠሩት። እንዴት እንደሆነ እንዲያስረዳቸው ሲለምኑት እርሱ ምስጢሩን አልገልጥም አለ፤ ሲከራከርም ተሸክመው ከጉባኤ እንዳስወጡት ማኔቲ ጽፏል።

ስለዚህ ክርክር ቫሳሪ የተባለ ጸሐፊ በ1550 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ወሬ አለ። ፊሊፖ አንድ ዕንቍላል አውጥቶ፥ ይህን በእብነ በረድ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሰው ጉልላቱን ይሥራ አላቸው። ሁሉም ሞክረው አቃታቸው። እርሱ ግን የዕንቍላሉን ሥር ቀስ ብሎ ሰበር አድርጎ አቆመው። እነርሱም ይህንማ እኛስ መች ያቅተን ነበር ብለው ቢጮኹ፥ ንድፌን ባሳያችሁም እንዲሁ ትሉ ነበር ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ወሬው ከጊዜው ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የተጻፈ ስለሆነ እንደ ተረት ብንቈጥረው ይሻላል፤ የሰውዬውን ጠባይ ግን ደኅና አድርጎ ያሳያል።

ክርክሩን የረታው ዕንቍላል ሳይሆን ጡብ ነው። ፊሊፖ በዶናቴሎና በሌላም ቀራጺ ረዳትነት፥ ሰው ሊገባበት የሚችል ትልቅ ምሳሌ ያለ ርብራብ በጡብና በኖራ ሠርቶ በካቴድራሉ አጠገብ አቆመ። በ1420 ዓ.ም. አለቆቹ ሥራውን ሰጡት። ነገር ግን በፍጹም አላመኑትምና መጀመሪያ እስከ 30 ክንድ፥ ይኸውም 17 ሜትር ተኩል ያህል፥ እንዲሠራ ፈቀዱለት፤ የቀረው ኋላ ታይቶ ሊወሰን ነው። ይህም ሳይበቃ አንድ የሥራ ባልንጀራ ጨመሩበት። ያ ባልንጀራ በ1401 ዓ.ም. የረታው ጊቤርቲ ነበር። ለሁለቱም በወር ሦስት ሦስት ፍሎሪን ደመወዝ ተቈረጠላቸው።

ሥራው

በነሐሴ 1420 ዓ.ም. ግንባታው ተጀመረ። የፊሊፖ ዘዴ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጉልላቱን አንድ ሳይሆን ሁለት አድርጎ፥ አንዱን በሌላው ውስጥ ሠራው። የውስጠኛው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ የውጭኛው ቀጭን ሲሆን የውስጠኛውን ከዝናም ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ደረጃ አለ፤ ዛሬም ጐብኝዎች 463 ደረጃ ወጥተው ከጫፉ ይደርሳሉ። በስምንቱ ማዕዘን ስምንት ታላላቅ የጐድን አጥንት የመሰሉ ግንቦች፥ በመካከላቸውም 16 ታናናሾች ቆመው ሁለቱን ጉልላቶች ያያይዛሉ።

ጉልላት ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ስለሚገፋ ሥሩ ሊፈነዳ ይችላል። ፊሊፖ ይህን ለመከልከል በብረት የተያያዙ ረጃጅም ድንጋዮችን፥ በአንድ ቦታም ከእንጨት የተሠራ ሰንሰለት፥ በግንቡ ውስጥ አዙሮ ቀበረ። ሰው ወገቡን በመቀነት እንደሚያስር እንዲሁ የጉልላቱን ወገብ አሰረው።

ከሁሉ የሚደንቀው የጡቡ አደራደር ነው። ግንቡ ወደ ውስጥ እያዘነበለ ሲሄድ ኖራው ሳይደርቅ ጡቡ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ፥ በየመካከሉ አንዳንድ ጡብ ቀጥ አድርጎ እያቆመ በጋደሙት መካከል ሰካው። የቆመው ጡብ የተጋደሙትን እንደ ካስማ ይዞ ያስቀራቸዋል። አደራደሩ ሲታይ የዓሣ አጥንት ስለሚመስል ኢጣልያኖች በዚሁ ስም ይጠሩታል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ዙር ሲገጥም ራሱን በራሱ ይሸከማል፤ ከሥሩ የሚደግፈው ርብራብ አያስፈልገውም። በጠቅላላው ወደ 4 ሚሊዮን የሚሆን ጡብ እንደ ገባበት ይገመታል።

ይህን ሁሉ ጡብና ድንጋይ ወደዚያ ከፍታ ማን ያወጣዋል? እዚህ ላይ የሰዓት ሠሪው ዕውቀት ደረሰለት። በ1421 ዓ.ም. በበሬ ኀይል የሚዞር አንድ ታላቅ የዕቃ ማንሻ መኪና ሠራ። ከዚያ በፊት ዕቃ ወጥቶ ገመዱ ባዶውን ሲመለስ በሬውን ፈትቶ ማዞር ግድ ነበር። በፊሊፖ መኪና ግን በሬው ሳይዞር በአንድ አቅጣጫ እየሄደ፥ መንኰራኵሩ ብቻ ሲቀየር ዕቃው ይወጣል ወይም ይወርዳል። የሥራው አለቆች ለዚህ ፈጠራው 100 ፍሎሪን ሸለሙት።

ስለ ጊቤርቲም ማኔቲ የሚለው አለ። ፊሊፖ ባልንጀራው ሳይደክም እኩል መከበሩ አንገበገበው። አንድ ቀን ታመምሁ ብሎ ተኛ። ሠራተኞቹ ምን እንሥራ ብለው ጊቤርቲን ቢጠይቁት መልስ አጣ፤ ሥራውም ቆመ። በዚህ ጊዜ ጉልላቱ የማን እንደሆነ ለሁሉ ተገለጠ ይባላል። ታሪኩ እንደ ተባለው ይሁን አይሁን፥ በ1426 ዓ.ም. የፊሊፖ ደመወዝ በዓመት ወደ 100 ፍሎሪን ከፍ ሲል የጊቤርቲ እንደ ነበረ ቀርቷል።

ስሕተቶቹና ሌሎች ሥራዎቹ

የታላቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍ በጎውን ብቻ ጽፈን ስሕተቱን ብንደብቅ አንባቢውን እናታልላለን። ፊሊፖ ቁጡና ተጠራጣሪ ሰው ነበረ። ግንበኞቹ ስለ ደመወዝ ሥራ ባቆሙ ጊዜ በቦታቸው የሎምባርዲያ ሰዎችን እንዳስገባ፥ የቀድሞዎቹም ተለማምጠው ሲመጡ ባነሰ ደመወዝ እንደ ተቀበላቸው ተጽፏል። ይህ የሚያስመሰግነው ነገር አይደለም።

ሁሉም ሥራ አልተሳካለትም። በ1421 ዓ.ም. በአርኖ ወንዝ ላይ እብነ በረድ የምትጭን አዲስ ዓይነት መርከብ ፈጥሮ፥ ለሦስት ዓመት ማንም እንዳይቀዳበት ከከተማው መንግሥት የብቻ መብት ተቀበለ፤ ይህም በታሪክ ከሚታወቁት የፈጠራ መብቶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ነገር ግን መርከቧ በ1428 ዓ.ም. ከነጭነቷ ሰጠመች፤ ለእርሱም ትልቅ ኪሳራ ሆነበት። በ1430 ዓ.ም. ደግሞ ፍሎረንስ ከሉካ ከተማ ጋር ስትዋጋ የሰርኪዮን ወንዝ ገድቦ ሉካን በውኃ ሊከባት ሞከረ፤ ውኃው ግን ወደ ወገኖቹ ሰፈር ተመለሰ። በ1434 ዓ.ም. የግንበኞች ማኅበር መዋጮ አልከፈልህም ብሎ አሳሰረው፤ የካቴድራሉ አለቆች ተቈጥተው ከጥቂት ቀን በኋላ አስፈቱት። በዚያው ዓመት እንደ ልጁ ያሳደገው ቡጃኖ ገንዘቡንና ጌጡን ይዞ ወደ ናፖሊ ኰበለለ። በኋላ ግን ተመልሶ ታርቆ ወራሹ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መከራ መካከል ሌላም ሥራ አልተወም። የሐር ሠሪዎች ማኅበር በ1419 ዓ.ም. ወላጆቻቸው ለጣሏቸው ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት እንዲሠራ አዘዘው። ቀጫጭን ዓምዶችና ክብ ቅስቶች በሥርዓት የተሰለፉበት ያ ቤት የሕዳሴ ዘመን የሕንፃ ሥራ መጀመሪያ ነው ይባላል፤ በ1445 ዓ.ም. ሕፃናት መቀበል ጀመረ። በሮማ ፍርስራሽ መካከል የተለካው ልኬት ለነገሥታት አዳራሽ ሳይሆን በመጀመሪያ እናት ለሌላቸው ልጆች ቤት መዋሉ የሚያስደስት ነገር ነው።

ለሥዕል ጥበብም ታላቅ ስጦታ ሰጠ። የጥምቀት ቤቱን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሥሎ፥ ሰሌዳውን በስቶ፥ ሰው ከጀርባው በቀዳዳው በኩል በመስታወት ውስጥ ሥዕሉን እንዲያይ አደረገ። ያየውም ሁሉ እውነተኛውን ቤት ያየ ይመስለው ነበር። በዚህም የሩቅ ነገር በዓይናችን በምን ያህል ልክ እያነሰ እንደሚሄድ በሒሳብ አሳየ። አልቤርቲ የተባለው ሊቅ ይህን ዕውቀት በመጽሐፍ ጽፎ በ1436 ዓ.ም. የኢጣልያንኛውን ቅጅ መታሰቢያነት ለፊሊፖ ሰጠ። የኋለኞቹ ሠዓሊዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ሄዱ።

የጉልላቱ ፍጻሜና የእኛ አገር ሰዎች

መጋቢት 25 ቀን 1436 ዓ.ም. የሮማው ፓፓ አራተኛው ኤውጄንዮስ ካቴድራሉን ባረኩ፤ በነሐሴም የጉልላቱ የመጨረሻ ዙር ገጠመ። በ16 ዓመት ውስጥ ማንም አይቻልም ያለው ነገር ተፈጸመ። ከጡብ ከተሠሩት ጉልላቶች ሁሉ እስከ ዛሬ በስፋት የሚበልጠው የለም።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። በዚያ ጊዜ በፍሎረንስ ስለ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ታላቅ ጉባኤ ይደረግ ነበር። በ1441 ዓ.ም.፥ በአገራችን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነግሠው ሳሉ፥ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት የተላኩ ሰዎች ወደዚህ ጉባኤ መጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ዲያቆን ጴጥሮስ ነበር። የእነርሱ መምጣት ፊላሬቴ በተባለ ቀራጺ በነሐስ ተሥሎ፥ ከ1445 ዓ.ም. ጀምሮ በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መዝጊያ ላይ ይታያል። ጉልላቱ ገና አዲስ ነበረ፤ ከከተማው ውጭ እንኳ ከሩቅ ስለሚታይ የአገራችን ሰዎች ሳያዩት አልቀሩም። ሠሪውም በዚያን ጊዜ በሕይወት በዚያው ከተማ ይመላለስ ነበር።

ከጉልላቱ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያስገባውን ትንሽ የእብነ በረድ ቤት ለመሥራት እንደ ገና ውድድር ተደረገ፤ ፊሊፖም አሸነፈ። ነገር ግን የመጀመሪያው ድንጋይ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ሚያዝያ 15 ቀን 1446 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ ሞተ። ያ ሥራ በ1461 ዓ.ም. በሌሎች እጅ ተፈጸመ፤ በ1471 ዓ.ም. የነሐስ ድብልብሉ ከነመስቀሉ ተሰቀለበት። ድብልብሉን የሠራው ቬሮኪዮ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወጣቱ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የእርሱ ደቀ መዝሙር ነበር፤ የፊሊፖንም መኪናዎች አይቶ በደብተሩ ሥሏቸዋል። ፊሊፖ በሠራው ጉልላት በተሸፈነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀበረ። መቃብሩ ያለበት ቦታ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ከቈየ በኋላ በ1972 ዓ.ም. በቍፋሮ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንዱ ልንከተለው የሚገባን፥ ሁለተኛው ልንርቀው የሚገባን ነው።

ልንከተለው የሚገባን ይህ ነው። ፊሊፖ በአባቶቹ ሥራ መመካት ብቻ አላረካውም፤ ገመድ ይዞ ሄዶ ለካው፥ ቈፈረው፥ ጠየቀው። የጠየቀውንም ገልብጦ አልቀዳም፤ የጳንቴዎን ጉልላትና የእርሱ ጉልላት አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከጥንቶቹ የተማረው ይቻላል የሚለውን ነገር ነው፤ እንዴት የሚለውን ግን በገዛ ራሱ ድካም አገኘው። ሕዳሴ ማለት ይህ ነው።

ልንርቀው የሚገባን ደግሞ ምስጢረኛነቱ ነው። ሰው እንዳይሰርቀውና እንዳያፌዝበት ፈርቶ የጉልላቱን አሠራር በመጽሐፍ አልተወልንም። ታኮላ የተባለው የሲየና መሐንዲስም ፊሊፖ ፈጠራን ለብዙ ሰው መግለጥ እንደማይገባ እንደ መከረው ጽፏል። ስለዚህ ሊቃውንት ጡቡ በምን ዓይነት ልኬት እንደ ተመራ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የሮማውያንን ጥበብ ከመቃብር ያወጣው ሰው የራሱን ጥበብ ከራሱ ጋር ይዞ ወረደ።

እንግዲህ ወደ ገዛ ቤታችን እንመልከት። በላሊበላ ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉን፤ በአክሱምም ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ሐውልቶች አሉን። የጠረቧቸው ሰዎች በምን መሣሪያ እንደ ቈረጡ፥ እንዴት አጓጕዘው እንዳቆሙ በሥዕል አላወረሱንም። በየመንደራችንም ሸክላ የምትሠራ እናት፥ ብረት የሚያቀልጥ አባት፥ ብራና የሚፍቅና ቀለም የሚበጠብጥ መምህር አሉ፤ እነርሱም አንድ ቀን ያልፋሉ። እኛ በፊታቸው የምናልፈው እንደ ዚያ ጊዜ የሮማ ሰዎች ነው ወይስ እንደ ፊሊፖ? በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ደብተርና አንድ የመለኪያ ገመድ ይዘን እንሂድ። አንድ አሮጌ ግንብ እንለካ፤ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ እንጠይቅ። ወርቅ ፈላጊዎች ቢሉንም አንፈር። ከዚያ በኋላ ግን ከፊሊፖ እንብለጥ፤ ያገኘነውን እንጻፈው።